ያለ ምስማር፦ የወይዘሮ የብርጓል ሀብተ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የብርጓል ሀብተ ሥላሴ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ገብረ መስቀልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ወልደ ገብርኤል ጥቅምት 21 ቀን 1938 ዓ.ም. በጣና ዳር በምትገኘው በቁንዝላ ተወለዱ። መሪጌታ ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ሴት ልጃቸውን ከተማሪዎቻቸው ጋር አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሩ፤ ሰው ቢያማቸውም አልሰሙም። ወይዘሮ የብርጓልም ገና በስምንት ዓመታቸው ዳዊት ደገሙ።

ወደ ቀጣዩ ከማለፌ በፊት፣ ይህን ታሪክ የጻፍሁት ታናሽ ወንድማቸው ዓምደ ሚካኤል አንድ ነገር ልበል። ትናንት ከሰዓት በኋላ አስከሬናቸውን ያጠቡ እናቶች በዳሌያቸው ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ምልክት አይተው፣ መተት ነው ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ዛሬ ደግሞ አስከሬኑ በሳጥን ሳይሆን በሰሌን ተጠቅልሎ ሲወጣ አይታችሁ፣ ደመወዝተኛ ወንድም እያላቸው ሳጥን ተነፈጋቸው ብላችሁ ያጉረመረማችሁ አላችሁ። ሁለቱም መልስ አላቸው፤ መልሱም አንድ ነው። አለባብሼ ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

በ1946 ዓ.ም. ከቁንዝላ በሞተር ጀልባ ወደ ባሕር ዳር መጥተው፣ አክስታቸው ወይዘሮ ውዴ ዘንድ ተቀምጠው የመጀመሪያና የመለስተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። በ1956 ዓ.ም. በከተማችን ፖሊቴክኒክ ገብተው የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ተማሩ። በክፍላቸው ከነበሩት ሦስት ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ በ1960 ዓ.ም. ሲመረቁ ግን ከአንድ ሰው በቀር ሁሉንም ቀድመው በሁለተኛነት ነበር። በዚያው ዓመት አባታችን ዐረፉ። እናታችን ቀደም ብለው ዐርፈው ስለነበር የዐሥራ ሁለት ዓመቱን ወንድማቸውን ከቁንዝላ አምጥተው ከእሳቸው ጋር አኖሩኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ። የመጀመሪያ ደመወዛቸው የወጣው ለእኔ ጫማና ደብተር ነው። ጎንደር ሄጄ የጤና ረዳትነት ትምህርት ተምሬ በ1969 ዓ.ም. እስክመረቅ ድረስ ያለኝ ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነበር። ይህን የምለው ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ኋላ ለሚመጣው ነገር ያስፈልገናልና ነው።

ሥራቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ጨርቅ በሚነጣበት ክፍል፣ በቤተ ሙከራ ቴክኒሺያንነት ነበር። ጥሬ ጨርቅ ፐሮክሳይድ በሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ይነጣል። መድኃኒቱ በውስጡ ባለው ኦክሲጅን የጨርቁን ዳለቻ ቀለም ያቃጥላል። ልክ ካለፈ ግን ከቀለሙ አልፎ ክሩን ራሱን ይበላል። ስለዚህ የሚያረጋጋ ጨው ይጨመርበታል፤ ያንን ልክ መጠበቅ የእሳቸው ኃላፊነት ነበር። ሌላም በየትኛውም አገር ያለ የሙያው ሰው የሚፈራው ነገር አለ፤ ብረት ነው። የዝገት ቅንጣት ጨርቁ ላይ ከቀረ መድኃኒቱ በዚያች ነጥብ ላይ ያብዳል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ነጥቧ ቀዳዳ ሆና ትገኛለች። ወይዘሮ የብርጓል ጨርቁ ከመግባቱ በፊት በጣቶቻቸው እየዳበሱ ዓይን ያላየውን ዝገት ያገኙ ነበር። አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ፣ ከማሽን ይልቅ የእሳቸውን ጣት እናምን ነበር ይላሉ።

በ1961 ዓ.ም. በሐይቁ የሞተር ጀልባ መካኒክ ከሆኑት ከአቶ ክንዱ አዘዘ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በ1962 ዓ.ም. ሸዋዬን፣ በ1966 ዓ.ም. ሣህሉን ወለዱ። ቤታቸውን በሹም አቦ ሰፈር ሠርተው ግቢውን በሎሚ፣ በዘይቱንና በጎመን ሞሉት።

ሣህሉ በተወለደ በሦስተኛው ወር ሕመሙ ጀመረ። ጧት ሲነሡ ጣቶቻቸው አይታጠፉም፤ ፀሐይ ከፍ እስክትል ድረስ የልጃቸውን መታቀፊያ ማሰር ያቅታቸዋል። በሁለቱም እጅ የጣቶቻቸው አንጓ እኩል ያብጣል፣ ይግላል። አራስ ቤት የገባ ብርድ ነው ተባለ። ምች ነው ተባለ። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ። በሆስፒታል የታዩት የውጭ አገር ሐኪም ግን ስሙን ነገሯቸው፦ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ መገጣጠሚያን የሚበላ ቁርጥማት። አስፕሪን አዘዙላቸው፤ ድኖ የሚጠፋ ሕመም እንዳልሆነም አልደበቋቸውም።

እኒያ ሐኪም ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ታማሚያቸው የኬሚስትሪ ሰው መሆናቸውን ያውቁ ነበርና ከሕክምና መጽሔት የተቀደዱ ጥቂት ገጾች ትተውላቸው ሄዱ። ወይዘሮ የብርጓል ገጾቹን መዝገበ ቃላት ይዘው አንድ ወር አነበቧቸው። በኋላ ለእኔ ሲነግሩኝ ፊታቸው እንደዚያ ቀን ጨልሞ አላየሁትም። በሰው ደም ውስጥ ተሕዋስያንን የሚገድሉ ነጭ ሕዋሳት አሉ። የሚገድሉትም ያንኑ ፐሮክሳይድንና የእሱን ዘመዶች ራሳቸው እየፈበረኩ በመርጨት ነው። በዚህ ሕመም ግን ዘብ የሆኑት ሕዋሳት የገዛ ወገናቸውን እንደ ጠላት ይቆጥሩና በመገጣጠሚያው ላይ ይረጩታል። አጥንትን ከአጥንት የሚያላውሰው ወዝ ይቀጥናል፣ ልባሱ ይበላል፣ መጨረሻ ላይ አጥንቱ ራሱ ይቦረቦራል። ለዓመታት በበርሜል ሲጠብቁት የኖሩት መድኃኒት በጉልበታቸውና በጣቶቻቸው ውስጥ እየፈላ መሆኑን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ሰውነት የራሱ መከላከያ እንዳለው፣ እንደ ፋብሪካው ጨው የሚያረጋጉ ነገሮች በጎመን፣ በቃሪያ፣ በሎሚ፣ በዘይቱንና በኑግ ዘይት ውስጥ እንደሚገኙም አነበቡ። አንቲኦክሲደንት ይባላሉ። ከዚያ ወዲያ ጓሯቸውን እንደ ቤተ ሙከራ ያዙት። ያም ሆኖ ሰው አላታለሉም። ይህን ብሉና ትድናላችሁ ብለው ለማንም ተናግረው አያውቁም። የሚሉት፣ ጨው መድኃኒቱን ያዘገየዋል እንጂ በርሜሉን ባዶ አያደርገውም ነበር።

በ1970 ዓ.ም. እኔ በቀበሌው አዳራሽ የጤና ትምህርት እንዳዘጋጅ ታዝዤ ስለ ቁርጥማት እንዲናገሩ ጋበዝኋቸው። ደስ ብሏቸው መጡ። እናቶች እንዲገባቸው በቀላል ቋንቋ፣ ዘብ የሆነ ጠላት ሲያጣ ወገኑን ያቃጥላል ብለው ስለ ደም ሕዋሳት አስረዱ። እናቶቹ ገባቸው። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ግን እየተያዩ ሲጽፉ አየሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወይዘሮ የብርጓል ከሦስት ቀን በኋላ ከቤታቸው ተወሰዱ። ለአርባ አንድ ቀናት የት እንደነበሩ ሁላችሁም የምታውቁት ነውና አልጽፈውም። የሲሚንቶ ወለል ለዚያ ሕመም ምን እንደሆነም አልጽፍም። ሲመለሱ የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ወደ ጎን ዞሮ ነበር፤ ተመልሶም አልተቃናም።

እሳቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሕመማቸው በሰው ፊት መናገር አቆሙ። በቤት ውስጥ ስለ ሕዋስ፣ ስለ ኦክሲጅን ማንሳት ሲጀምሩ ተይ እያልሁ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ። ፈርቼ ነበር። ለእሳቸው የፈራሁ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለራሴም ነበር። ሰውን በትንሽ በትንሹ ዝም ማሰኘት ሲለመድ የሚናገረውን አለመስማትም ይለመዳል።

ሥራቸውን ግን አልተዉም። ጣታቸው እየዞረ ሲሄድ ዝገት የሚፈልጉት በእጃቸው ጀርባ ሆነ። የሙከራ ማስታወሻ ደብተራቸውን ሸዋዬ ትጽፍላቸው ነበር። ስለ ብረት ያላቸው ሐሳብ እየጠነከረ የሄደው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሁለት ቁራጭ አቡጀዲ በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሃ ውስጥ ነከሩ። አንዱ ንጹሕ ነው፤ በሌላው ላይ የምስማር ብናኝ አለበት። ንጹሑ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ሌላው ስንዴ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይዞ ወጣ። ያችን ቀዳዳ ጨርቅ አጥበው፣ አድርቀው በዳዊታቸው ውስጥ አኖሯት። ደም ባበጠ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲፈስ ብረቱን እዚያ ትቶ እንደሚሄድ ከገጾቹ አንብበው ነበር። የሚያስፈራቸውም ይኸው ነበር።

አሁን ወደ 1977 ዓ.ም. ደረስን። በዚያ ዓመት ወይዘሮ የብርጓል ገረጡ። መዳፋቸው ወረቀት መሰለ፤ ከበር እስከ ጓሮ ሲሄዱ ቁና ቁና ይተነፍሱ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ደም የለሽም እያለ ጉበትና ቀይ ሥር ይዞ ይመጣ ጀመር። እኔም ደማቸውን አስመረመርሁና ማነሱን አረጋገጥሁ። የስምንት ዓመት የጤና ረዳት ነበርሁ። ደም ያነሰው ሰው ብረት ይሰጠዋል፤ የተማርሁት ይህንን ነው። በረጅም ሕመም የመጣ የደም ማነስ ሌላ መሆኑን፣ ብረቱ በሰውነት ውስጥ እያለ እንደሚቆለፍ አላወቅሁም። ሐኪም ልጠይቅ አላልሁም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብዬ የብረት መርፌ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። መድኃኒቱ በብልቃጡ ውስጥ ከዝገት ውሃ የጠቆረ ነበር። ያሳደጉኝን እኔ ላድናቸው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

የካቲት 12 ቀን የሚካኤል ማኅበር ተራ የእሳቸው ነበር። እንግዳ ቤቱን ሞልቶት ሳለ ደርሼ መርፌውን በምድጃ ላይ ቀቀልሁ። እናቶች እንዲህ ያለ ወንድም ይስጠን እያሉ መረቁኝ። ወደ ጓዳ ጠራኋቸው። ብልቃጡን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ተመለከቱት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

“ዓምዴ፣ ይህን ነገር በጨርቅ አይቸዋለሁ። ብረት ያለበት ጨርቅ ከዚያ ውሃ ሲገባ ይበሳል። እኔ ደግሞ ከውሃው ውስጥ ነኝ።”

እኔም እንግዶቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ “እትዬ፣ ሰው ጨርቅ አይደለም” አልሁ።

በእልፍኝ የተቀመጡት ሳቁ። ወይዘሮ የብርጓል አዩኝ። ብልቃጡን መልሰው ሰጥተውኝ ተጋደሙ፤ እኔም ወጋኋቸው።

በየሁለት ቀኑ አንድ፣ በጠቅላላው ዐሥር መርፌ ነበር። ከሁለተኛው በኋላ ጣቶቻቸው እንደ ፍም ጋሉ። ከአራተኛው በኋላ ያልታመመው ጉልበታቸው አበጠ። መድኃኒቱ ሲሠራ ነው አልኋቸው። አቶ ክንዱ በስድስተኛው መርፌ ቀን፣ እባክህ ይቅር ብለው ለመኑኝ፤ የተጀመረ መድኃኒት አይቋረጥም ብዬ መለስሁላቸው። መርፌው በገባበት ሥፍራ ቆዳው ቡናማ ሆነ። ከዐሥረኛው በኋላ በቀኝ እጃቸው ጽዋ ማንሳት አቃታቸው፤ ያን እጅ መልሰው አልዘረጉትም። ሰኔ 30 ቀን 1977 ዓ.ም. በሕመም ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ። አብረዋቸው የሠሩት ሰዎች ስንብት ሲያደርጉላቸው የተሰጣቸውን ስጦታ የተቀበለችላቸው ሸዋዬ ነበረች።

እናቶች ትናንት ያያችሁት ምልክት መተት አይደለም። የብረት መርፌ ከቆዳ ሥር የሚተወው ዝገት ነው። መተተኛም ከፈለጋችሁ፣ ይኸው እፊታችሁ ቆሜያለሁ።

በ1979 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ለጉብኝት ለመጡ አንድ የመገጣጠሚያ ሐኪም ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። ደብተሩንና ቀዳዳዋን ጨርቅ አሳየኋቸው። ደጋግመው እያገላበጡ አዩአት። በውጭ አገር፣ ይህ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የብረት መርፌ ሲሰጥ መገጣጠሚያቸው እንደሚነድ የጻፉ ሰዎች መኖራቸውን ነገሩኝ። ሕመሙ ያለ መርፌውም መንገዱን መቀጠሉ አይቀርም ነበር፣ ምን ያህሉ ከመርፌው እንደመጣ ማንም ሊለካው አይችልም ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። እውነት ብለዋል። እኔ ግን እነዚያን ሃያ ቀናት በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሕመምተኛ መርፌ ከማንሣቴ በፊት፣ አንተስ ምን ትላለህ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ብዬ እጠይቃለሁ። ባልደረቦቼ ዘገምተኛ ይሉኛል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በአልጋ ላይ አሳለፉ። ሕመሙ ወደ አንገታቸው ወጣ። ራሳቸውን የሚሸከመው መገጣጠሚያ ስለላላ፣ አቶ ክንዱ ነጠላ አጥፈው በአንገታቸው ዙሪያ እየጠመጠሙ ያስቀምጧቸው ነበር። ሣል ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ጎመንና ሎሚያቸውን ግን አላቋረጡም፤ ሣህሉ የዘይቱን ፍሬ እየፈጨ በማንኪያ ያጎርሳቸው ነበር። አንድ ቀን ከእንግዲህ ምን ሊጠቅም ትደክማላችሁ ብዬ በንዴት ብናገር፣ የተበሳ ጨርቅም ንጹሕ ሆኖ ይታጠፋል ብለው ሣቁብኝ።

ባለፈው መስከረም አቶ ክንዱንና እኔን አስቀምጠው ኑዛዜያቸውን ነገሩን። ልጆቹ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ፣ ደብተራቸው ለማንበብ ለሚፈልግ እንዲሰጥ አዘዙ። ከዚያም፣ “እንደ አባቴ በሰሌን ቅበሩኝ። ሳጥን አልፈልግም፤ ምስማር አታስመቱብኝ። ብረት ከዚህ ወዲያ አይጠጋኝ” አሉ። እኔን አላዩኝም፤ አንገታቸው አይዞርላቸውም ነበር። ለእኔ የተነገረ ወቀሳ መስሎኝ ለሁለት ወር ስቃጠል ከረምሁ። ይኸው ቃላቸው ተፈጽሟል፤ ሰሌኑም የታሰረው በክር ብቻ ነው። ሳጥን የነፈጋቸው የለም።

ወይዘሮ የብርጓል በያዛቸው የሳንባ ምች ለዘጠኝ ቀናት ታመው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ኅዳር 12 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሦስት ዓመታቸው፣ ስማቸው በሚጠራበት በሚካኤል ዕለት ጧት ዐረፉ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ትናንት ግን ይህን ስጽፍ ሸዋዬ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እስከዚያ የጻፍሁትን አነበበች። ለአራት ዓመት ገደማ ምስጢር አድርጋ የያዘችውን ነገረችኝ። በዚያ በማኅበሩ ቀን፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ብረቱ እንደሚጎዳሽ እያወቅሽ ለምን ተወጋሽ ብላ እናቷን ጠይቃቸው ነበር። እንዲህ ብለው መለሱላት፦

“ያሳደግሁትን ልጅ እጅ፣ ሰው ቤቱን ሞልቶት፣ እንዴት ብዬ ልመልስ? እሱ ያድነኛል ብሎ መጣ። እኔ እችለዋለሁ። እሱ ግን ያን ቀን ቢያፍር፣ ሁለተኛ ለሰው እጁን የሚዘረጋ አልመሰለኝም።”

ለእኔ እንዳትነግረኝም አስምለዋት ነበር። መሐላው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ነበርና ትናንት ነገረችኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ አልሰማኝም ብለው የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይቅር ብለውኝ ነው የተጋደሙት። ይህን ይዤ እንዴት እንደምኖር አላውቅም። በየቤታችሁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሕመምተኛ ካለ፣ ስለ እኅቴ ብላችሁ አድምጡት።

ወይዘሮ የብርጓል ባለቤታቸውን አቶ ክንዱ አዘዘን፣ ልጆቻቸውን ሸዋዬ ክንዱንና ሣህሉ ክንዱን፣ አክስታቸውን ወይዘሮ ውዴን፣ እንዲሁም ልጅም ወንድምም አድርገው ያሳደጉትን ዓምደ ሚካኤልን ትተው ሄደዋል። ያቺ ቀዳዳ ጨርቅ ከሰሌኑ ጋር አልገባችም፤ በዳዊታቸው ውስጥ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች።

አምላከ ቅዱስ ሚካኤል የእኅታችንን የወለተ ሚካኤልን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ፣ ዝገት በማይደርስበት ሥፍራ ያኑርልን። እነዚያን የዞሩ ጣቶች አቃንቶ ይቀበልልን። ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን። አሜን።